ከግርጌ ማሳ

መሳቢያዬ ውስጥ አሥራ ሁለት ቁጥር ቀርቷል፤
ከዚያ ወዲያማ ምንጩ ደርቋል።
ቁጥር ስል የስልክ አይደለም፤
አራት ክፍል ያለው፣ በሦስት ነጥብ የታሰረ፣
ማሽን ማሽንን የሚጠራበት አድራሻ።
እሱ የሌለው ቤት ሲጣራ ይሰማል፣
ደጁን ፍለጋ ግን የመጣ ይስታል።

ከመስኮቴ ማዶ ጣና ተንጣሎ ተኝቷል፤
እኔ ግን ሐይቅ ዳር፣ ውሃ እየሸተተኝ፣
አሥራ ሁለት ጠብታ ማካፈል ቸገረኝ።

አንደኛው አመልካች ሆቴል፣ ባለ ሰባት ፎቅ፤
ስምንት ይፈልጋል፣ ወረቀቱ ሲያብረቀርቅ።
ማኅተሙ ሰማያዊ፣ ፊርማው እንደ ሐረግ፣
ምክንያቱን ሲያስረዳ፦ «ወደፊት ለማደግ»።

ሁለተኛው የሽምብጥ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር፤
አንዲት ኮምፒዩተር፣ መስታወቷ የተሰነጠቀ።
ሊቀመንበሩ እንየው፣ እጁ ላይ ቅርፊት እንደደረቀ፣
ወንበር ብስብለትም አልተቀመጠም፦
«የማለዳውን ዋጋ፣ የቆሮሶውን፣ የአምባዛውን፣
ጎንደር ያለው ነጋዴ ከኛው ደጅ እንዲያይ ነው።
ደላላ መሀል ሲገባ ዓሣው ሳይከረፋ ዋጋው ይከረፋል።»

ሦስተኛዋ ከዘጌ፣ ሲስተር ይርገዱ፣ ከጤና ጣቢያ፦
«አንዱን አድራሻ ለአርባ ቤት ነው የምንጋራው፤
ከአርባው አንዱ ሲሰርቅ
ባሕር ማዶ ያለው በር ለአርባችንም ይዘጋል።
ባለፈው ወር የደም ውጤት ሦስት ቀን ደጅ አደረ።
ምጥ ደግሞ ሰልፍ አያውቅም።»

አዲስ ቁጥር መጥቷል፣ እንደ አሸዋ የማያልቅ፣ ይላሉ፤
የይርገዱ አሮጌ ማሽን ግን ያን ቋንቋ አይሰማም።
ደንቡም፦ «ከሠላሳ ማሽን በታች ያለው አያመልክት።»
አለቃዬ አቶ ጌጡ፦ «ትንሹ ትልቁ ጥላ ሥር ይጠለል።»

አባቴ የውሃ አባት ነበር፣ አንዳሳ ወንዝ ዳር።
መጋቢት ላይ ቦዩ ሲቀጥን፣ መሬቱ ሲከር፣
በትሩን አፈር ላይ ተክሎ ጥላዋን ይለካል፤
«ጥላዋ እዚህች ጠጠር ስትደርስ ዝጋ» ይላል።
የራስጌው ባለ ማሳ፣ ምንጩ ደጁ የሚፈልቅለት፣
ልቅደም ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግበት፣
«ከግርጌ ማሳ እንጀምር» ይላል አባቴ፣ ሳይቆጣ፤
«በሁሉም ደጅ አልፏል፣ ግርጌው ከጠጣ።»
ተራውን ይዞ ለሚያንቀላፋም፦
«ያላጠጣህበት ያንተ አይደለም፤
ተራ ጎተራ አይገባም።»

ማታ ብቻዬን ቀርቼ
የተሰጡትን አንድ በአንድ ጠራሁ፦ አለህ?
ባንኩ ካጠራቸው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት
አሥራ ዘጠኙ «አለሁ» አሉ።
ሌላው ዝም።
ያልታረሰ፣ ባለቤቱም የረሳው ርስት።

ከዝምተኞቹ ግን አራቱ አሳፈሩኝ።
የሚስቴ ወንድም የውባንተ ናቸው፤
ሠርጌ ሰሞን፣ ደንቡን ዘልዬ፣
እስከ ዛሬ ላልተከፈተ ሱቅ የሰጠሁት።
ፍርድ ከሰው ደጅ ስትጀመር ትቀላለች።

ጧት ደወልኩለት።
«ለክፉ ቀን ይቀመጥ» አለ።
ክፉው ቀን ዘጌ ደርሷል አልኩት።
ዘጋብኝ።
ሚስቴ ሦስት ቀን እራት አቅርባ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

አሥራ ሁለቱ አሥራ ስድስት ሆኑ።
አቶ ጌጡ አልፈረመም፣ አልከለከለም፤
መነጽሩን ወልውሎ ወጣ።
ለዘጌ ሁለት፣ ለሽምብጥ አንድ ጻፍኩ።
የባንኩን እንዴት እንደምነካ ገና አላወቅሁም።
ለሆቴሉ «ጥላዋ ጠጠሯን አልፋለች» ልል ነበር፤
«በተራ» ብዬ ተውኩት።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ዘጌን ጠራሁ፦ አለሽ?
እምቦጩን አልፎ፣ በጨለማው ሐይቅ ላይ፣
አንድ ጊዜ «አለሁ» አለች።
ሁለተኛውን ሳልሰማ መብራት ሄደ።